የባለንብረት ሽያጭና የነጋዴ ሽያጭ፤ የጦር መሣሪያን ያለ ንግድ ፈቃድ መልሶ ስለ መሸጥ

ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ነጋዴ አይባልም። የቤቱን ዕቃ ሲለውጥ አሮጌውን ቁም ሣጥን ለጎረቤቱ የሚሸጥ ሰው የንግድ ፈቃድ አምጣ አይባልም፤ የሒሳብ መዝገብም አይጠየቅም። ነገር ግን ይኸው ሰው በየሳምንቱ ቁም ሣጥን እየገዛ በየሳምንቱ በትርፍ የሚሸጥ ቢሆን፣ ሱቅ ባይከፍትም፣ በበሩ ላይ ሰሌዳ ባይሰቅልም፣ ሥራው ንግድ መሆኑ አያጠራጥርም። በባለንብረትና በነጋዴ መካከል ያለው ይህ ድንበር በተራ ዕቃ ላይ ሲጣስ የሚከተለው ቅጣት አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ነው። ዕቃው የጦር መሣሪያ በሆነ ጊዜ ግን ድንበሩን የጣሰ ሰው እስከ መታሰር ይደርሳል።

በዛሬው ጽሑፋችን በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሕግ አንድ ሰው ያለ ንግድ ፈቃድ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ መልሶ ሊሸጥ የሚችለው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንገልጻለን። ጉዳዩ የሩቅ አገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከአባሎቻችን መካከል ልጆቻቸው፣ ወንድሞቻቸውና የንግድ ሸሪኮቻቸው በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ፣ በሜሪላንድ፣ በሚኔሶታ፣ በቴክሳስና በሲያትል ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ጥቂቶች አይደሉም። በዚያ አገር ጠመንጃ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በመደብር መደርደሪያ ላይ ስለሚታይ፣ መግዛቱ የተፈቀደ ከሆነ መልሶ መሸጡም የተፈቀደ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ይኖራል። ይህ ግምት ብዙ ሰው አሳስቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነጋዴ ማን ነው?

የአገራችን ነጋዴ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የንግድ ሕግ በ5ኛው አንቀጹ ነጋዴን ሲተረጉም ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ነበር፤ እነዚህም ሥራውን ሙያ አድርጎ መያዝና ለጥቅም ሲሉ መሥራት ናቸው። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 በአዲስ የንግድ ሕግ ቢተካም፣ አንድን ሰው ነጋዴ የሚያሰኘው የሥራው ጠባይ እንጂ የሱቁ ስፋት አለመሆኑ በንግድ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

የአሜሪካ ሕግም በጦር መሣሪያ ረገድ የተከተለው መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1938 የወጣው የመጀመሪያው የፌዴራል ጦር መሣሪያ ሕግ ነጋዴዎች ፈቃድ እንዲይዙ ቢያዝም፣ የፈቃዱ ዋጋ በዓመት 1 ዶላር ብቻ ስለ ነበረ ነጋዴውን ከሌላው ሰው የሚለይ በቂ አጥር አልሆነም። በ1963 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ ካርካኖ የሚባለው የኢጣልያ ሥራ ሲሆን፣ ገዳዩ ያገኘው በፖስታ አዝዞ ነበር። በ1968 ደግሞ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ በተከታታይ ተገደሉ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ፣ ፈቃድ ሳይኖረው የጦር መሣሪያ በማስመጣት፣ በመሥራት ወይም በመነገድ ሥራ ላይ መሰማራትን ለማንም ሰው ከለከለ።

ይሁን እንጂ «በንግድ ሥራ ላይ መሰማራት» ምን ማለት እንደ ሆነ ሕጉ ስላልተረጎመው፣ ለ18 ዓመታት ዳኞችና ተቆጣጣሪዎች በየበኩላቸው ሲተረጉሙት ቆዩ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የፈረሙት የጦር መሣሪያ ባለቤቶች ጥበቃ ሕግ ትርጉሙን አስቀመጠ። በዚህም መሠረት ነጋዴ የሚባለው ጊዜውን፣ አሳቡንና ጉልበቱን ሰጥቶ፣ የጦር መሣሪያን እየደጋገመ በመግዛትና መልሶ በመሸጥ መተዳደሪያና ትርፍ ለማግኘት ዋና ዓላማ አድርጎ የሚሠራ ሰው ነው። አልፎ አልፎ የሚሸጥ፣ የሚለውጥ ወይም የግል ስብስቡን ለማሻሻል የሚገዛ፣ ወይም የግል ስብስቡን በሙሉም ሆነ በከፊል የሚሸጥ ሰው ግን ነጋዴ አይባልም ተብሎ ተደነገገ።

«መተዳደሪያ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዎች መሸሸጊያ ሆነ። በቀን በሌላ ሥራ ደመወዝ እያገኘ በዕረፍት ቀኑ ሽጉጥ የሚሸጥ ሰው «እኔ የምተዳደረው በደመወዜ ነው፤ ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ነው» እያለ ይከራከር ነበር። በሰኔ 2022 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን የፈረሙት ሕግ ይህን መሸሸጊያ አፈረሰው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰውየው እየደጋገመ የሚገዛውና የሚሸጠው በአመዛኙ ትርፍ ለማግኘት ብሎ እንደ ሆነ ነው። ትርፉ የኑሮው መደገፊያ ሆነም አልሆነም ለውጥ አያመጣም። ከዚህም ሌላ ሕጉ የሚመረምረው አሳቡን ስለ ሆነ፣ ለማትረፍ አስቦ የከሰረ ሰው በኪሳራው ምክንያት ከጥፋት ነፃ አይሆንም።

ስንት ቢሸጥ ነው ነጋዴ የሚባለው?

ነጋዴ በቁጥር ማሰብ ስለሚወድ ከሁሉ በፊት የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ሕጉ ግን ቁጥር አላስቀመጠም። አምስት የሸጠ ነፃ ነው፣ ስድስት የሸጠ ጥፋተኛ ነው የሚል አንቀጽ በየትም አይገኝም። የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ኤ.ቲ.ኤፍ. የሚባለው፣ በ2016 ለሕዝብ ባወጣው መምሪያ፣ ሁለት መሣሪያ ብቻ የሸጡ ሰዎች ሌሎች ምልክቶች በመኖራቸው የተፈረደባቸውና ፍርዱም በይግባኝ የጸናባቸው ጊዜ እንዳለ ገልጿል።

እነዚህ ምልክቶች ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚያውቃቸው ናቸው። መሣሪያውን ከገዛ በኋላ ሳይቆይ መሸጥ፤ ከነካርቶኑ ያልተነካ አዲስ ዕቃ ማቅረብ፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ብዙ አድርጎ መያዝ፤ ማስታወቂያ ማውጣት፤ የንግድ ካርድ ማደል፤ ገዢው የፈለገውን አስመጥቼ እሰጣለሁ ማለት፤ በጦር መሣሪያ ትርኢት ላይ በየጊዜው ጠረጴዛ መከራየት፤ ግዢንና ሽያጭን እያመሳከሩ ትርፍን በመዝገብ መያዝ፤ እነዚህ ሁሉ ሻጩ ነጋዴ መሆኑን ያስረዳሉ። ቦታው ለውጥ አያመጣም፤ ሽያጩ በመደብርም ሆነ በመኖሪያ ቤት፣ በትርኢት አዳራሽም ሆነ በኢንተርኔት ቢፈጸም ሕጉ አንድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ሰው አባቱ ሲሞት ስድስት የአደን ጠመንጃዎች ቢወርስና፣ እርሱ አዳኝ ስላልሆነ በአንድ ወር ውስጥ ሁሉንም ቢሸጥ፣ ስድስት መሣሪያ ሸጧል። ሌላው ደግሞ በቅናሽ ሽያጭ ቀን አንድ ሽጉጥ በ500 ዶላር ገዝቶ በሳምንቱ በ650 ቢሸጥ፣ በገንዘቡም ሌላ ገዝቶ ቢደግም፣ ሦስተኛም ቢያክል፣ የሸጠው ሦስት ብቻ ነው። በቁጥር የሚበልጠው የመጀመሪያው ቢሆንም፣ እርሱ ንብረቱን ወደ ገንዘብ የለወጠ ባለንብረት ነው። ሁለተኛው ግን ካፒታሉን እያዘዋወረ ይነግዳል፤ ስለዚህ ፈቃድ ሊኖረው ይገባ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በ2024 እነዚህን ምልክቶች በዝርዝር ደንብ አወጣቸው፤ ደንቡም ከግንቦት 2024 ጀምሮ እንዲጸና ታዘዘ። ነገር ግን የቴክሳስ ክፍለ ግዛትና ሌሎች ከሳሾች ተከራክረው፣ ደንቡ በእነርሱ ላይ እንዳይፈጸም በቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት አገደው፤ በ2025ም አዲሱ መንግሥት ደንቡ እንደገና እንዲመረመር አዘዘ። ይህ ክርክር የደንቡን ዕድል የሚመለከት ነው። በምክር ቤቱ የወጣው የ1968 ክልከላና የ2022 ትርጉም ግን ከደንቡ በላይ የሆነ ሕግ ስለ ሆነ፣ ደንቡ ታግዷል ሲባል የሰማ ሰው ሕጉም የታገደ መስሎት እንዳይሳሳት መጠንቀቅ አለበት።

ነጋዴ ያልሆነው ሻጭ የሚታገድባቸው ነገሮች

አንድ ሰው ነጋዴ አይደለም ስለ ተባለ እንደ ልቡ ሊሸጥ ይችላል ማለት አይደለም። ባለንብረትም ቢሆን አራት አጥሮች አሉበት።

የመጀመሪያው የክፍለ ግዛት አጥር ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው በሌላ ክፍለ ግዛት ለሚኖር ፈቃድ ለሌለው ሰው መሣሪያ መሸጥ ቀርቶ በስጦታም መስጠት አይችልም። የሜሪላንድ ነዋሪ ፖቶማክ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ በቨርጂኒያ ለሚኖረው ወዳጁ ሽጉጥ ቢሸጥለት፣ መንገዱ የጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ የፌዴራል ወንጀል ፈጽሟል። እንዲህ ያለው ሽያጭ በባለፈቃድ ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። በኑዛዜ ወይም በውርስ ለሚተላለፍ መሣሪያ ግን፣ ወራሹ መያዝ የሚፈቀድለት ሰው እስከ ሆነ ድረስ፣ ሕጉ የተለየ መንገድ ትቷል።

ሁለተኛው የገዢው ማንነት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል የተፈረደበት፣ ከፍርድ የሸሸ፣ በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ የሚወስድ፣ በፍርድ የአእምሮ ሕመምተኛ የተባለ፣ በቤተሰቡ ላይ ድብደባ ፈጽሞ የተቀጣ፣ እነዚህና እነዚህን የመሳሰሉ ሰዎች መሣሪያ እንዳይዙ ተከልክለዋል። ያለ መኖሪያ ፈቃድ በአገሩ የሚገኝ የውጭ ዜጋም፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገባም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከተከለከሉት መካከል ነው። ገዢው ከእነዚህ አንዱ መሆኑን እያወቀ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እያለው የሚሸጥ ሰው ወንጀለኛ ይሆናል። ይህን በተለይ ወገኖቻችን ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል። ለትምህርት ወይም ለጉብኝት ለመጣ የአገር ልጅ፣ ወይም የመኖሪያ ጉዳዩ ገና ላልተጣራለት ወዳጅ፣ በመተማመን ብቻ ሽጉጥ መሸጥ ሻጩንም ገዢውንም ያጠፋል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ግለሰብ ዕድሜው 18 ላልሞላ ሰው ሽጉጥ ሊሸጥ አይችልም። ባለፈቃድ ነጋዴ ደግሞ ከዚህ በጠበቀ ደንብ የታሠረ ስለ ሆነ፣ ጠመንጃ ለመሸጥ 18፣ ሽጉጥ ለመሸጥ 21 ዓመት የሞላውን ገዢ መጠበቅ አለበት።

አራተኛው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ግለሰብ ለዚያው ክፍለ ግዛት ነዋሪ ሲሸጥ የገዢውን የወንጀል መዝገብ እንዲያስመረምር አይገደድም። ብዙ ክፍላተ ግዛት ግን ይህን ክፍተት በራሳቸው ሕግ ዘግተዋል። ኮሎራዶ በ2013፣ የሲያትል ከተማ የምትገኝበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደግሞ በ2014 በሕዝብ ድምፅ፣ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭም በባለፈቃድ ነጋዴ በኩል ተመርምሮ እንዲያልፍ አዝዘዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በቴክሳስ ሲኖር የለመደውን አሠራር ይዞ ወደ ሲያትል ቢዛወር፣ ትናንት ሕጋዊ የነበረው ሽያጭ ዛሬ ወንጀል ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

በራስ ስም ለሌላ ሰው ስለ መግዛት

ከባለፈቃድ ነጋዴ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ቅጽ 4473 የተባለውን ወረቀት ሞልቶ ይፈርማል። በቅጹ ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ እውነተኛው ገዢ አንተ ነህን? የሚል ነው። ዘመድን መርዳት ልማዳችን ስለ ሆነ፣ «እኔ በስሜ ልግዛልህ፤ ገንዘቡን ስጠኝ» ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ደግነት ይቆጠራል። በዚህ ቅጽ ላይ ግን እንዲህ ያለው ደግነት የሐሰት ቃል ነው።

በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የአብራምስኪ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በቨርጂኒያ የሚኖር ቀድሞ ፖሊስ የነበረ ሰው፣ ለፖሊሶች በሚደረገው የዋጋ ቅናሽ ለመጠቀም ሲል፣ በፔንሲልቬኒያ ለሚኖር አጎቱ አንድ ሽጉጥ ገዛለት። አጎቱ 400 ዶላር ቼክ አስቀድሞ ልኮለት ነበር። አጎትየው መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ ሰው ነበር፤ ሽጉጡም በመጨረሻ የተላለፈለት በባለፈቃድ ነጋዴ በኩል ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ የወንድም ልጁ በቅጹ ላይ እውነተኛ ገዢ እኔ ነኝ ብሎ በመፈረሙ ተፈረደበት፤ ፍርድ ቤቱም በ5 ድምፅ በ4 ተቃውሞ ፍርዱን አጸናው። ይህ የተፈረደው ክፉ አሳብ ባልነበረበት ጉዳይ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ከዚህ የባሰውን፣ ይኸውም መያዝ ለተከለከለ ሰው ወይም መሣሪያውን ለወንጀል ሊያውለው ለሚያስብ ሰው በራስ ስም መግዛትን፣ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ እስከ 15 ዓመት እስራት ደንግጎበታል።

ቅጣቱና ከቅጣቱ በኋላ የሚመጣው

ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ በጦር መሣሪያ የነገደ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል፤ መሣሪያዎቹም ሊወረሱ ይችላሉ። «ሆን ብሎ» ስለሚለው ቃል በ1998 በብራያን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትርጉም ሰጥቷል። ተከሳሹ በሌሎች ሰዎች ስም በኦሃዮ የተገዙ ሽጉጦችን ወደ ኒው ዮርክ አምጥቶ፣ የመለያ ቁጥራቸውን ፍቆ ይሸጥ ነበር። ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚለውን ሕግ ማወቄ አልተረጋገጠም ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ የሥራውን ሕገወጥነት ማወቁ ብቻ ይበቃል፤ የሕጉን ዝርዝር ማወቁ አይጠየቅም ብሎ ወሰነ። «አንቀጹን አላነበብሁትም» የሚለው መልስ እንግዲህ አያድንም ማለት ነው።

ሕጉ ይህን ያህል የጠበቀበትን ምክንያት ለመረዳት በቴክሳስ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። አንድ ሰው በ2014 ከባለፈቃድ ነጋዴ መሣሪያ ሊገዛ ሞክሮ፣ በመዝገብ ምርመራው ተከልክሎ ተመለሰ። በ2016 ይኸው ሰው ፈቃድ ከሌለው ሻጭ፣ ምንም ምርመራ ሳይደረግበት፣ ጠመንጃ ገዛ። በነሐሴ 31 ቀን 2019 በሚድላንድና በኦዴሳ ከተሞች መካከል በዚያ ጠመንጃ 7 ሰዎች ገደለ፤ ብዙዎችንም አቆሰለ። ሻጩ የገዢውን አሳብ ያውቅ ነበር ያለ የለም። ነገር ግን መሣሪያ ያለ ፈቃድ በመነገድና በግብር ወረቀቱ ላይ ሐሰት በማስፈር ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ በጥር 2021 የ2 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አንባቢዎቻችን ሁለቱ ክሶች አብረው መቅረባቸውን ልብ ይበሉ። ያለ ፈቃድ የሚሸጥ ሰው ትርፉን ለግብር ሰብሳቢው ሊያስታውቅ ስለማይደፍር፣ የመጀመሪያው ጥፋት ሁለተኛውን ያስከትላል።

የአሜሪካ ዜግነት ላላገኘ ወገናችን ደግሞ ከእስራቱ የሚብስ ነገር አለ። በዚያ አገር የስደተኞች ሕግ መሠረት፣ መሣሪያን ሕግ ተላልፎ በመግዛት፣ በመሸጥ ወይም በመያዝ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ወንጀሉ በሕገወጥ የመሣሪያ ንግድ ደረጃ ከታየ ደግሞ ከመባረር የሚያድኑት መንገዶች አብዛኞቹ ይዘጉበታል። በሁለትና በሦስት ሽጉጥ የተገኘ ጥቂት መቶ ዶላር፣ ሃያ ዓመት የተደከመበትን ሱቅና ቤተሰብ ሊበትን ይችላል ማለት ነው።

ፈቃዱ ምን ይጠይቃል?

ፈቃድ ማውጣቱ ከአቅም በላይ ቢሆን ኖሮ ሰዎች ሕጉን መሸሻቸው ምክንያት ባገኘ ነበር። በ1968 ሕግ የነጋዴው ፈቃድ ዋጋ በዓመት 10 ዶላር ነበር። በ1993 ለመጀመሪያው ሦስት ዓመት 200 ዶላር፣ ለእድሳቱ በየሦስት ዓመቱ 90 ዶላር ተደርጓል። አመልካቹ 21 ዓመት የሞላው፣ መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ፣ ንግዱን የሚያካሂድበት ቋሚ ስፍራ ያለውና የከተማውንና የክፍለ ግዛቱን ደንብ ያሟላ መሆን አለበት። የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ መርማሪም ስፍራውን መጥቶ ያያል።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግዴታ ነው። ባለፈቃዱ የገባውንና የወጣውን መሣሪያ ሁሉ ከነመለያ ቁጥሩ በመዝገብ ይይዛል፤ ገዢውን ቅጽ 4473 ያስሞላል፤ ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ብሔራዊ የማጣሪያ መዝገብ ገዢውን ያስመረምራል፤ አንድ ሰው በአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሽጉጥ ከገዛው ያስታውቃል፤ መሣሪያ ቢሰረቅበት ወይም ቢጠፋበት በ48 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ያደርጋል። መያዣ እየተቀበለ የሚያበድር ሱቅም መሣሪያን በመያዣነት የሚቀበል ከሆነ ያለ ፈቃድ ሊሠራ አይችልም። ሸቀጥ እየሸጠ ጎን ለጎን በመያዣ የሚያበድር ባለሱቅ ይህን መርሳት የለበትም።

ስለ አሮጌ ጠመንጃዎች

ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚገናኝ አንድ ልዩ ነገርም አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ቅርስ ዕቃ ስለሚቆጠር፣ በሕጉ አነጋገር «የጦር መሣሪያ» አይባልም፤ ሻጩም የነጋዴነት ፈቃድ አይጠየቅበትም። አባቶቻችን ውጅግራ ይሉት የነበረው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ፣ በ1874 የወጣው ሞዴል፣ በአብዛኛው ከዚህ ክፍል ይገባል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የጦር ግምጃ ቤት የወጡ ልዩ ልዩ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ቀርበው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል።

ዳሩ ግን አሮጌ ሁሉ ከ1898 በፊት የተሠራ አይደለም። በ1930ዎቹ የተሠራ ጠመንጃ ለእኛ ጥንታዊ ቢመስለንም፣ ለሕጉ የጦር መሣሪያ ነው። 50 ዓመት ያለፈውን መሣሪያ ለሚሰበስቡ ሰዎች በሦስት ዓመት 30 ዶላር የሚከፈልበት የሰብሳቢነት ፈቃድ አለ፤ ይህ ፈቃድ ግን ለመሰብሰብ እንጂ ለመነገድ አይሆንም። የክፍላተ ግዛቱ ሕግም ስለ ቅርስ ዕቃ የተለየ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ያሻል።

በአገራችንስ?

የጦር መሣሪያ ንግድ ያለ መንግሥት ፈቃድ እንደማይራመድ አገራችን ከጥንት ታውቀዋለች። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ለመሸጥ ሲነሣ፣ መሣሪያ ማሳለፍ በመከልከሉ ታጁራ ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ብዙ ወራት አሳለፈ። በ1887 ሸዋ በደረሰ ጊዜም ንጉሡ ዋጋውን አወረዱበት፤ የሞተው ሸሪኩ ባለዕዳዎችም ከቀረው ላይ ድርሻችን ብለው ወሰዱበት። በነሐሴ 1930 ደግሞ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር መሣሪያ ወደ አገሯ ስለሚገባበት ሁኔታ በፓሪስ ውል ተፈራርማለች።

ዛሬ በአገራችን ጉዳዩ የሚመራው በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። አዋጁ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የቆመ ያደርገዋል፤ ያለ ፈቃድ ማስገባትን፣ ማዘዋወርንና መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ በአሜሪካ ያለው «አልፎ አልፎ የሚሸጥ ባለንብረት» የሚባለው ነፃነት በአገራችን አለ ብሎ ማሰብ ከባድ ስሕተት ነው። በተለይ በኮንቴይነር የቤት ዕቃ ለሚልኩ ወገኖችና ለሚቀበሏቸው አስመጪዎች የምናሳስበው፣ ከአሜሪካ መሣሪያ ለማውጣት በአብዛኛው የኤክስፖርት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ለአጓጓዡም በጽሑፍ ማስታወቅ ግዴታ እንደ ሆነ፣ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባትም የኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ የግድ መሆኑን ነው። በሶፋ ውስጥ ተሸጉጦ የተገኘ አንድ ሽጉጥ ላኪውን በዚያ፣ ተቀባዩን በዚህ ያስጠይቃል፤ ሙሉውን ጭነትም በጉምሩክ ያስይዛል።

ለጥንቃቄ የሚሆን ምክር

ከዚህ በላይ የተገለጸውን ለሥራ እንዲመች በአጭሩ እናስቀምጠዋለን፤ አባሎቻችን በአሜሪካ ላሉ ዘመዶቻቸው በሚጽፉት ደብዳቤ ቢያካፍሉት ይጠቅማል።

1ኛ፤ ለማትረፍ አስበህ መሣሪያ አትግዛ። ለማትረፍ ከገዛህ ነጋዴ ነህ፤ አስቀድመህ ፈቃድ አውጣ።

2ኛ፤ የራስህን መሣሪያ ለመሸጥ ብትፈልግ፣ ሕጉ ባያስገድድህም እንኳ በባለፈቃድ ነጋዴ በኩል አድርገው። ነጋዴው ለድካሙ ጥቂት ገንዘብ ይቀበላል፤ ገዢው ይመረመራል፤ አንተም ሽያጩ በመዝገብ ስለሚገኝ ነገ መሣሪያው የት ተገኘ ቢባል መልስ አለህ።

3ኛ፤ ከክፍለ ግዛትህ ውጭ ለሚኖር ሰው በእጅህ አትስጥ።

4ኛ፤ ለማንም ቢሆን በስምህ አትግዛለት፤ ለወንድምህም ቢሆን።

5ኛ፤ የሸጥኸውን መሣሪያ ዓይነትና የመለያ ቁጥር፣ የገዢውን ስምና ቀኑን የያዘ ወረቀት አስፈርመህ አስቀምጥ።

6ኛ፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድህ ወይም ስለ ገዢው ሁኔታ ጥርጣሬ ካለህ፣ ከሽያጩ በፊት የሕግ ባለሙያ ጠይቅ። ለጠበቃ የሚከፈለው ከሽያጩ በፊት ጥቂት ነው፤ ከክሱ በኋላ ግን ብዙ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዚህ ሁሉ ምክር ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ነጋዴ ፈቃድ የሚያወጣው ለመንግሥት ደስታ ብቻ አይደለም፤ ከማን እንደ ገዛና ለማን እንደ ሸጠ በማንኛውም ሰዓት ሊያስረዳ እንዲችል ነው። በስኳርና በጨርቅ ንግድ እንኳ ደረሰኝ የሌለው ሰው ሲጠየቅ ይቸገራል። በጦር መሣሪያ ንግድ ደግሞ በጠፋው ደረሰኝ ምክንያት የሰው ሕይወት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ጥንቃቄው በዚያው መጠን ሊበዛ ይገባዋል።